የካርታው ጀርባ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤

በአልጋዬ ሥር ባለ አንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ 43 እሽግ የመጫወቻ ካርታ ይገኛል። ይህን የሚያውቁ ጎረቤቶቼ፣ ይልቁንም በዕድሜ የገፉት፣ ነገሩ ደስ አይላቸውም። «ዕድሜውን ሙሉ ልጅ ሲያስተምር የኖረ ሰው የቁማር ዕቃ መሰብሰቡ ምን ይባላል?» ብለው ከኋላዬ እንደሚጠይቁ ሰምቻለሁ። በጥያቄያቸው አልቀየምም። እኔን በልጅነቴ ያስተማሩኝ ሰዎች ቢያዩኝ ኖሮ ከዚህ የባሰ በተናገሩ ነበር።

የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ አዳሪዎች ነበርን። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ልጅ በፍራሹ ውስጥ የደበቀው ካርታ ተገኘበት። አስተዳዳሪው ሁላችንንም በግቢው ሰብስበው ካርታውን አንድ ባንድ እያነሡ ከእሳት ጨመሩት። ንጉሡም፣ ንግሥቲቱም፣ ሎሌውም በየተራቸው ተቃጠሉ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቀን በልቤ የቀረው የቁማር ክፋት ሳይሆን የሥዕሉ ውበት ነበር። አንዱ ራሱ ወደ ላይ፣ አንዱ ራሱ ወደ ታች የሆነው ንጉሥ በነበልባሉ ተጠቅልሎ ሲጠቁር እያየሁ፣ «ይህ ሰው ለምን ሁለት ራስ ኖረው?» እያልሁ አስብ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

«ካርታ ክፉ ነው ወይስ ደግ?» በሚለው ክርክር ጊዜያችሁን አላጠፋም። ወረቀት ነው። ቁማር የያዘው ሰው በገበጣ ጠጠርም፣ በሚወረወር ሳንቲምም፣ በመንገድ በሚያልፍ መኪና የታርጋ ቁጥርም ሙሉና ጎዶሎ እያለ ደመወዙን ያስበላል፤ በዚህ በመተማ ቆላ ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ላነሣው የምፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ሳይዋሽ፣ ሳይሰርቅ፣ እጁንም ለማታለል ሳይዘረጋ፣ ዓይኑ በአጋጣሚ ያየውን ነገር ብቻ ቢጠቀምበት በደለኛ ይባላልን?

ለዚህ ጥያቄ ካርታን የሚያህል መምህር አላገኘሁም። በአገራችን የቆዩት ጨዋታዎች፣ ገበጣም ሰንጠረዥም፣ ነገሩ ሁሉ በፊት ለፊት የተዘረጋባቸው ናቸው። በገበጣው ጉድጓድ ያለውን ጠጠር ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይቆጥሩታል፤ የሚበላለጡት በማሰብ ብቻ ነው። ካርታ ግን በመደበቅ ላይ የቆመ ጨዋታ ነው። የእያንዳንዱ ካርታ ፊት ከሌላው ሁሉ የተለየ መሆን አለበት፤ ጀርባው ደግሞ ከሌላው ሁሉ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከ52ቱ የአንዱ ጀርባ ከቀሩት ከ51ዱ ጥቂት እንኳ ቢለይ ጨዋታው ፈረሰ ማለት ነው።

ካርታ መሰብሰብ ከጀመርሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ካርታ መጀመሪያ የተገኘው በቻይና እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ወደ ኤውሮፓ የደረሰው በግብፅ በኩል ሲሆን፣ በዚያ አገር የማምሉክ ሡልጣኖች በነገሡበት ዘመን የተሠራ እጅግ ያማረ ካርታ ዛሬ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛል። የሰው መልክ የለበትም፤ ጌጥና ጽሕፈት ብቻ ነው። አራቱ ወገኖቹም ዋንጫ፣ ወርቅ፣ ሰይፍና በፈረስ ላይ ሆኖ ኳስ የሚመታበት ዱላ ናቸው። ከንጉሡ ቀጥሎ ያለው ካርታ «ናይብ» ይባላል። የሕርጊጎን ናይብ በታሪክ መጽሐፍ ያነበባችሁ ሁሉ ቃሉን ታውቁታላችሁ፤ እንደራሴ ማለት ነው። እስፓኞች እስከ ዛሬ ካርታን «ናይፔ» የሚሉት ከዚህ ወስደው ነው። በሣጥኔ ውስጥ ከጎንደር የገዛሁት አንድ አሮጌ የኢጣልያ ካርታ አለ፤ እርሱም ዋንጫ፣ ወርቅ፣ ሰይፍና ዱላ ነው ያለበት፤ የልጅ ልጅ አያቱን እንደሚመስል ማለት ነው። እኛም «ካርታ» የሚለውን ስም የወሰድነው ከኢጣልያኖች ነው። ያው ስም ለአገር ካርታም፣ ለቤት ይዞታ ካርታም ሆኖ ቀርቷል። በ1902 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ውልና በካርታ ላይ በተሰመረ መሥመር አጠገብ ለሚኖር እንደ እኛ ላለ ሰው ይህ አንዳንዴ ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

በ1377 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ዮሐንስ የተባለ አንድ የዶሚኒካን መነኩሴ ስለዚህ አዲስ ጨዋታ መጽሐፍ ጽፏል። ሊያወግዘው አይደለም፤ በንጉሡና በሎሌዎቹ ምሳሌነት ሰው በየማዕርጉ እንዴት መኖር እንደሚገባው ሊያስተምርበት ነው። በዚያው ዓመት የፍሎሬንስ ከተማ ካርታን በአዋጅ ከልክላ ነበር። አንዱ ሲያቃጥል አንዱ ሲያስተምርበት የቆየ ዕቃ መሆኑን ሳይ፣ የእኔ ሣጥን ያን ያህል አላሳፈረኝም።

ያስተዋልሁት ነገር ግን ይህ ነው፤ በካርታ ላይ ውበት ያልነው አብዛኛው ጌጥ ከአለመተማመን የተወለደ ነው። በቀድሞ ዘመን የኤውሮፓ ካርታ ጀርባው ነጭ ነበር። ነጭ በመሆኑም ሰዎች ማስታወሻ ይጽፉበት ነበር። ዛሬ ካናዳ በሚባለው የፈረንሳይ ቅኝ አገር በ1685 እ.ኤ.አ. የገንዘብ መርከብ ቢዘገይ፣ አስተዳዳሪው በካርታ ላይ ዋጋ እየጻፈና እየፈረመ ለወታደሮቹ ደመወዝ አድርጎ ከፍሏል። ለጨዋታ ግን ነጭ ጀርባ አይበጅም፤ የቅባት ጣት፣ የሻማ ጠብታ፣ የቀለም ነጥብ ይታወቅበታል። ስለዚህ አታሚዎች ጀርባውን በመሥመርና በአበባ ሸፈኑት፤ ነጥብ ቢያርፍበት በሐረጉ መካከል ጠፍቶ እንዲቀር ነው። በ1831 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ካርታን በአዲስ ዘዴ ለማተም ፓተንት ያወጣው የቶማስ ደ ላ ሩ ቤት ኋላ የአገሮችን የገንዘብ ኖት በማተም የታወቀ ሆኗል፤ ሊያስመስሉት የማይቻል ጌጥ መሥራትን ጥሩ አድርጎ ተምሮ ነበርና። እንግሊዞች በካርታ ላይ ግብር ይጥሉ ስለ ነበር የመንግሥት ማኅተም ያረፈው በባለ አንዱ ጦር ላይ ነበር፤ ያን ካርታ አስመስሎ ያተመ ሪቻርድ ሃርዲንግ የሚባል ሰው በ1805 እ.ኤ.አ. በሞት ተቀጥቷል።

የንጉሡ ሁለት ራስም እንዲሁ ነው። ንጉሡ አንድ ራስ ብቻ በነበረው ጊዜ ተገልብጦ የደረሰው ተጫዋች ያቃናዋል፤ ሲያቃናው ባላጋራው ያያል፤ አይቶም በእጁ ባለ ሥዕል ካርታ እንዳለ ያውቃል። ሁለት ራስ ከተደረገለት በኋላ የሚቃና ነገር ጠፋ። በልጅነቴ በእሳት ፊት የጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

አሁን ወደ ራሴ በደል ልምጣ።

በ1989 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። ከበለሳ፣ ከደምቢያ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል፤ ሳሉግ እንላቸዋለን። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ፍሬው ከመሬት ይረግፋልና ሥራው ጥድፊያ ነው። ሙቀቱን፣ ወባውን፣ ካላዛሩን ችለው ያጭዳሉ፤ ሲያልቅ ሒሳባቸውን ባንድ ጊዜ ይቀበላሉ። ከዚያ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት መንገድ በከተማው መካከል ያልፋል። የከተማው ሰው ደግሞ የሚያልፉበትን ቀን ያውቃል።

እኔ ራሴን ቁማርተኛ ነኝ ብዬ አልቆጥርም ነበር። ቅዳሜ ማታ በአንዲት ሻይ ቤት ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋር በትንሽ ገንዘብ ኮንከር እንጫወት ነበር። ካርታው የቤቱ ነው፤ ያረጀና ላብ የጠጣ። ከጆከሮቹ የአንዱን ጀርባ ጥጉ ላይ የሲጋራ እሳት ነክቶት ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ነጥብ ነበረበት። ይህን ካየሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ለማንም አልተናገርሁም። ለምን እንዳልተናገርሁ ራሴን አልጠየቅሁም።

ያን ዕለት ማታ አንድ የበለሳ ልጅ መጣ፤ ዕድሜው ከ19 አይበልጥም። «ጋሼ፣ እኔም ልግባ?» አለና ከአጠገቤ ተቀመጠ። መምህር መሆኔን ሰምቶ ኖሮ፣ ከእኔ ጎን መቀመጥ ደኅና መስሎት ይሆናል። ኮንከርን ለማታውቁ፤ ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ አንድ ካርታ ያነሣል፣ አንድ ይጥላል። የሚያነሣውም ከተጣለው ወይም ፊቱን ደፍቶ ከተከመረው ነው፤ ምርጫው የራሱ ነው። ከተጣለው ቢያነሣ ምን እንደሚያገኝ ያያል፤ ከተከመረው ቢያነሣ ዕድሉን ይሞክራል። ጆከር ደግሞ የጎደለውን ሁሉ ይሞላል። ጆከሩ ከክምሩ ላይ ሲወጣ ሌሎቹ ዕድላቸውን ይሞክራሉ፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ጆከሩ በልጁ እጅ ሲገባም አውቃለሁ።

መጀመሪያ ልጁ ጥቂት በላ፤ ፊቱም በራ። ከዚያ በኋላ እኔ መብላት ጀመርሁ። ባልንጀሮቼ ጥቂት ተበልተው ተነሡ፤ ሁለታችን ቀረን። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን 240 ብር ተበልቷል። ገንዘቡ በነጠላው ጫፍ ተቋጥሮ ነበር፤ በየጊዜው ቋጠሮውን ሲፈታ ጥቂት ዞር ይል ነበር፤ ቀሪው እንዳይታይበት ነው። መጨረሻ ላይ ዞር ማለቱን ተወ። «ዕድሌ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። የጠጣውን ሻይ ሒሳብ ከፈልሁለትና አመሰገነኝ።

በማግሥቱ ልፈልገው አልወጣሁም። የወጣሁት በሦስተኛው ቀን ነው። አብረውት የነበሩት ወደ ጎንደር በሚሄደው መኪና ሄደዋል፤ እርሱ ግን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ መግባት አፍሮ ለማሽላ አጨዳ ወደ ቋራ በኩል መውረዱን አንድ ሰው ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። በገንዘቡ የማድ ቤቴን ክዳን ቆርቆሮ ገዝቼበታለሁ። በክረምት ዝናቡ ሲመታው ከሌላው ቤት ድምፅ ለይቼ እሰማዋለሁ። ካርታውን ከሻይ ቤቱ ባለቤት ገዛሁት፤ ከ43ቱ የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ብዙ ሌሊት ተከራክሬአለሁ። ምልክቱን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም፤ ሲጋራ ነው። ነጥቡ በሁሉ ፊት ነበር፤ ልጁም ዓይን ነበረው። ተገዶ አልተጫወተም፤ ፈቅዶ ገባ። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሦስቱም ቢሆኑ እንቅልፍ አልሰጡኝም።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር ግን ይህ ነው፤ ማወቅ ወንጀል ነውን? ጎበዝ ተጫዋች የተጣለውን ካርታ ሁሉ በልቡ ይይዛል፤ ባላጋራው የማያውቀውን ያውቃል፤ ማንም አታላይ አይለውም። የሰሊጥ ነጋዴም ጎንደርና ገዳሪፍ ሄዶ ዋጋ ጠይቆ ይመለሳል፤ ገበሬው የማያውቀውን ስለሚያውቅ ያተርፋል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀምሮ ዋጋው በሰሌዳ ላይ ለሁሉ መታየት እስኪጀምር ድረስ በዚህ ቆላ ብዙ ቤት የተሠራው በዚህ ዓይነት ዕውቀት ነው። ታዲያ የእኔ ነጥብ ከነጋዴው ዕውቀት በምን ይለያል?

ብዙ ካሰብሁ በኋላ የደረስሁበት እንዲህ ነው። ገበሬው ነጋዴውን ሲያየው፣ ይህ ሰው ዋጋ የሚያውቅ ነጋዴ መሆኑን ያውቃል፤ ይከራከረዋል፤ ቢፈልግ ሌላ ይጠይቃል። (ገበሬውን አውቆ የሚዋሸው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን አልጠበቅሁለትም።) ካርታ ለመጫወት የተቀመጡ ሰዎች ግን አፍ አውጥተው ሳይናገሩት አንድ ውል ገብተዋል፤ ጀርባው ለማናችንም አይናገርም የሚል ውል ነው። ልጁ ገንዘቡን ያስያዘው በዚህ ውል ላይ ነው። ሊጋጠም የተስማማው ከዕድል ጋር ነበር፤ ከዓይኔ ጋር አልነበረም። «ዕድሌ ነው» ብሎ ሲነሣ ዕድሉ አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ። በደሌ ማየቴ አይደለም። ያየሁ ቀን «ይህ ካርታ ምልክት አለበት፤ ይቀየር» ብዬ ጮክ ብዬ አለመናገሬ ነው። አንዲት ቃል ነበረች፤ እርስዋን ዋጥሁ።

ይህን ሁሉ አስቤ የጨረስሁ መስሎኝ ሳለ፣ ግንቦት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ማታ የጎረቤቴ ልጅ ወደ ቤቴ መጣች። በማግሥቱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይጀመራል። «ጋሼ፣ የእንግሊዝኛው ፈተና በስልኬ መጣልኝ። አልጠየቅሁም። አንድ ጓደኛዬ ላከችልኝ፤ ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ ከፍቼ አነበብሁት» አለችኝ። ዓይኗ አብጦ ነበር። እኔም ለራሴ ያዘጋጀሁትን መልስ፣ ተናገሪ የሚለውን፣ ነገርኋት። ነገ ጧት ለፈታኞቹ ትናገሪያለሽ አልኋት። «እናገራለሁ። ከተናገርሁ በኋላስ? አስቀምጠው ቢፈትኑኝ ምን ላድርግ? መልሱን የማውቀውን አውቄ ልሳሳት? እሱም ውሸት አይሆንም? የራሴን ዕውቀት ከወረቀቱ እንዴት ልለየው?» አለችኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ 20 ዓመት ያህል ያሰብሁበት ነገር በአንዲት ልጅ ጥያቄ ፊት ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ። ያየውን ነገር ማንም ሰው አላየሁም ብሎ ከራሱ ሊያወጣው አይችልም። ቢጠቀምበት ያታልላል፤ ሆን ብሎ ቢሸሸውም በዚያው ባየው ነገር እየተመራ ነው። የምመልስላት አጣሁ። ቡና አፍልቼ አጠጣኋትና ወደ ቤቷ ሸኘኋት። በማግሥቱ ፈተናው በመላው አገር ተሰረዘ፤ ኋላም በሌላ ወረቀት እንደገና ተሰጠ። ብዙ ተማሪ አዘነ፤ ድካማችን ከንቱ ቀረ አለ። እርስዋ ግን ስትስቅ አየኋት።

ሌላው ያየሁት በሱዳን ጦርነት ጊዜ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ውጊያው ከተጀመረ በኋላ ሕዝቡ በገላባት በኩል ድልድዩን እየተሻገረ ወደ መተማ ዮሐንስ ይገባ ጀመር። ሐኪሙም፣ ነጋዴውም፣ ሕፃን የታቀፈችውም በአንድ ጥላ ሥር ተኝተው ነበር። ጥቂት ዐረብኛ ስለማውቅ አንዳንድ ቀን በማስተርጐም እረዳ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች በካርቶን ላይ ተቀምጠው ኮችና ሲጫወቱ አየሁ፤ እነርሱ ካርታን እንዲህ ይሉታል። የሚጫወቱትም ኮንካን ነው፤ ከስሙ ጀምሮ የእኛን ኮንከር ይመስላል፤ እያነሡ መጣል ነው። የሚያስይዙት የሻይ ዋጋ ነበር።

ሰብሳቢ ነኝና ዓይኔ ወደ ካርታው ሄደ። ጀርባው ሰማያዊ ነው። አንዱ ግን ግራጫ ነበር፤ ከሻይ ካርቶን ተቆርጦ በቀይ እስክሪብቶ ሰባት ልብ ተሥሎበታል። ዋናው ባለ ሰባት ልብ በመንገድ ጠፍቶባቸው ነው። ከመካከላቸው ያሉት ሽማግሌ «ኡስታዝ፣ አራተኛ ሁንና ግባ» አሉኝ። ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ካርታ በእጄ ይዤ ተጫውቼ አላውቅም ነበር፤ ሻይ ብቻ ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ከመጀመራችን በፊት ግን «ሐጅ፣ ይህ ካርታ እኮ ከጀርባው ይታወቃል» አልኋቸው። «ሁላችንም እናውቃለን» አሉና ማደል ጀመሩ።

በሦስተኛው ዙር ስድስት ልብና ስምንት ልብ በእጄ ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ ከክምሩ ላይ ያለው ካርታ ግራጫው ሆነ። እጄ በአየር ላይ ቀረ። ባነሣው አውቄ ነው፤ ብተወውም አውቄ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ጥያቄ ያው ራሱ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ወደ ድልድዩ ይመለከቱ ጀመር፤ ሽማግሌው እጄን አዩ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ክምሩን አንሥተው በወዙት፤ መልሰውም አስቀመጡት።

«ተራህ ነው፣ ኡስታዝ» አሉኝ።